ተች ስልክ፣ ሲም ካርድና ኔትወርክ፦ ባሕር ዳር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ገበያ አጠገብ አንዲት ጠባብ የሞባይል ጥገና ቤት አለችኝ። ሰው ስልኩን ሰጥቶ ዝም ብሎ አይጠብቅም። እኔ ብሎን ስፈታ እሱ ይጠይቃል። ባጃጅ ነጂው፣ የዩኒቨርሲቲው የፔዳ ግቢ ተማሪዋ፣ ከዘጌ ቡና ይዘው የመጡት ጋሼ፣ ሁሉም የሚጠይቁኝ ያንኑ ነው። ስለ ስክሪኑ ይጀምሩና ስለ ኔትወርኩ ይጨርሳሉ። በየቀኑ ከመደጋገም አንዴ ልጻፈውና ልረፍ አልኩ። ቅደም ተከተል አትፈልጉበት። ጥያቄዎቹም በተራ አይመጡም።

ተች ስክሪን ጣቴን እንዴት ያውቀዋል? ጥፍሬንስ ለምን እንቢ ይላል?

ብዙ ሰው ስክሪኑ ግፊት የሚሰማ ይመስለዋል። ስለዚህ እንቢ ሲለው አጥብቆ ይጫነዋል። ምንም አይፈይድም። አሁን የምንይዛቸው ስልኮች የሚከታተሉት ግፊትን ሳይሆን ኤሌክትሪክን ነው።

ከመስታወቱ ሥር ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ኤሌክትሪክም የሚያስተላልፍ በጣም ስስ ሽፋን አለ። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ ከሚባል ነገር ነው። ሽፋኑ በቁመትና በአግድም ተሰምሯል። አጥማጆቻችን ጣና ላይ የሚዘረጉትን መረብ አስቡ። መረቡ ላይ ጥቂት ቻርጅ አለ። የሰው ገላ ውሃና ጨው ስላለው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ጣት ሲቀርብ ከቻርጁ ላይ ትንሽ ይሻማል። አንዲት ቺፕ መረቡን በሴኮንድ 60 ወይም 120 ጊዜ እየቃኘች "እዚህ ጋ ጎደለ" ትላለች። ነካችሁት ማለት ይኸው ነው።

ጥፍር ደረቅ ስለሆነ አያስተላልፍም። እንጨትም እንዲሁ። በእጅ የተያዘ ሙዝ ግን ይሠራል። ቀልድ አይደለም፣ ሞክሩት። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 ብርድ ሲጠና ጓንት ማውለቅ የሰለቻቸው ሰዎች ስልካቸውን በቋሊማ ይነኩ ነበር።

ድሮ የነበሩት ባለ ብዕር ስልኮች ሌላ ዓይነት ናቸው። ሁለት ስስ ሽፋኖች ተደራርበው፣ ሲጫኗቸው ይገናኛሉ። ለእነሱ ጥፍርም ስንጥርም ይበቃ ነበር። አንዳንዱ "የድሮው ይሻል ነበር" ይለኛል። አብዛኞቹ ሁለት ጣት አንድ ላይ መለየት እንኳ አይችሉም ነበር። ፎቶ በሁለት ጣት ከፈት አድርጎ ማየት የለመደ ሰው ወደዚያ ይመለሳል ብዬ አላስብም።

ተች ስክሪንን የፈለሰፈው አፕል ነው አይደል?

አይደለም። በዚህ ጉዳይ ከዩኒቨርሲቲው የፖሊ ግቢ ተማሪዎች ጋር ስንት ጊዜ ተከራክሬያለሁ! እ.ኤ.አ. በ1965 ጆንሰን የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በጣት የሚነካ ስክሪን ሐሳብን በጽሑፍ አወጣ። የሚሠራው የራዳር ምርምር ተቋም ውስጥ ነበር። ያሰበውም ለስልክ ሳይሆን ለአውሮፕላን በረራ ተቆጣጣሪዎች ነው። በ1970ዎቹ ደግሞ ጄኔቫ ያለው የሰርን የምርምር ማዕከል ትልቁን የቅንጣት ማፋጠኛውን የሚቆጣጠርበት ተች ስክሪን ሠራ። በጣት የሚነካው የመጀመሪያው ሞባይል የሚባለው የአይቢኤም ሳይመን ለገበያ የቀረበው በ1994 ነው።

አይፎን የታየው ጥር 9 ቀን 2007 ነው፣ እ.ኤ.አ.። ስክሪኑ 3.5 ኢንች ነበር። ዛሬ ብታዩት የልጅ መጫወቻ ይመስላችኋል። አዲሱ ነገር ብዕሩን ጥሎ ጣትን፣ ያውም ከአንድ በላይ ጣትን መቀበሉ ነበር። አሜሪካ ውስጥ መሸጥ የጀመረው በሰኔ ነው። እኛ ያኔ ሚሊኒየሙን ልንቀበል ሽር ጉድ እንላለን። አጭር የጽሑፍ መልእክት እንኳ በእኛ አቆጣጠር ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተዘግቶብን ነበር። እነሱ በሁለት ጣት ፎቶ ሲያሰፉ እኛ "ደርሻለሁ" ብሎ መጻፍ አልቻልንም። ከዚያ ወዲህ የተጓዝነው መንገድ ቀላል አይደለም።

በአማርኛ መጻፍ በተች ስልክ ለምን ቀለለ?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። የጠየቀችኝ አንዲት አስተማሪ ናት።

በቁልፍ ስልክ ላይ ቁልፉ የፋብሪካው ነው። ፕላስቲክ ላይ አንዴ የታተመ ፊደል አይለወጥም። እኛ ደግሞ 33 ፊደል በ7 ስናበዛው 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር። ይህን ሁሉ 12 ቁልፍ ላይ ክተቱት። አማርኛ ያላቸው ቁልፍ ስልኮች ነበሩ፣ አሁንም አሉ። ግን አንዲት "ሰላም" ለመጻፍ አውራ ጣት ይዝላል። አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ የለመድነው ወደን አይደለም።

ችግሩ ከስልክም በፊት ነበር። ኢንጂነር አያና ብሩ ለአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲሠሩ ያጋጠማቸው ይኸው ነው፤ ቁልፉ ጥቂት፣ ፊደሉ ብዙ።

ተች ስክሪን ላይ ግን ቁልፉ ሥዕል ነው። ሥዕል ይለወጣል። "ለ"ን ስትነኩ "ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ፣ ል፣ ሎ" ብለው ይደረደሩላችኋል። ትነኩና ወዲያው ይጠፋሉ። ለሌላው ፊደል ቦታ ይለቃሉ። የስልኩ ሠሪ ሼንዘን ቁጭ ብሎ ስለ ግዕዝ ፊደል ምንም ባያውቅ እንኳ፣ አንድ የባሕር ዳር ልጅ ኪቦርድ ሠርቶ ሊጭንበት ይችላል። ከፋብሪካው ፈቃድ መጠየቅ ቀረ።

እርግጥ ስክሪኑ ብቻውን አላመጣውም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደሎች በወጣው የጋራ የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ ገባ። ከዚያ በፊት ኮምፒውተር ላይ እያንዳንዱ ፎንት የራሱ ሥርዓት ነበረው። አንዱ የጻፈው ሌላው ጋ ሲደርስ ዝባዝንኬ ይሆናል። የቴክኖ ስልኮችም ድርሻ አላቸው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ አገር ውስጥ መገጣጠም ጀመሩ፤ አማርኛውን ይዘው መጡ። ካሜራውን፣ ጌሙን፣ ሌላውን ሁሉ ወደ ጎን እናድርገውና፣ ተች ስክሪን ለእኛ ካመጣው ሁሉ እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

ቻርጅ ላይ ሳደርገው በራሱ ይነካል፣ ሰው ላይ ይደውላል። ሰይጣን ነው ወይስ ቫይረስ?

ቻርጀሩ ነው። የግድግዳው 220 ቮልት ወደ 5 ቮልት ሲወርድ ጥሩ ቻርጀር የሚመጣውን ረብሻ ያጣራዋል። ርካሹ አያጣራም። ረብሻው ስልኩ ውስጥ ይገባል፤ ያ ስስ መረብም ጣት የነካው ይመስለዋል። ቻርጀሩን ንቀሉት። ዝም ካለ ጥፋተኛው ታወቀ። ነቅላችሁትም ካልተወ ስክሪኑ ራሱ ተጎድቷል ወይ እርጥበት ገብቶበታል።

አንድ ደንበኛዬ ሌሊት በራሱ የተደወለ ስልክ ከሚስቱ ጋር አጣልቶት መጥቷል። ቻርጀሩን ሰካሁና ስልኩ በራሱ ሲጨፍር በቪዲዮ ቀርጾ ወሰደ። ታርቀዋል መሰለኝ፤ ተመልሶ አልመጣም።

እጄ ሲረጥብ ለምን ያብዳል?

ውሃም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። አንድ ጠብታ ለስክሪኑ አንድ ጣት ነው። ዓሣ ስትበልቱ፣ ሊጥ ስታቦኩ፣ ሐምሌ ላይ ዝናብ ሲመታችሁ መረቡ ጣቱንና ጠብታውን መለየት ያቅተዋል። ስልኩን በጨርቅ ጥረጉት፣ እጃችሁንም አድርቁ። ሌላ መድኃኒት የለውም።

ስልኬ ጣና ውስጥ ወደቀ። ሩዝ ውስጥ ልቅበረው?

ፎገራ ጎረቤታችን ነው፤ ሩዝ አይጠፋም። ግን አትቅበሩት። ሩዝ ከስልክ ውስጥ ውሃ አይመጥም። ዱቄቱና ስባሪው ቻርጅ ማድረጊያው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። አፕልም በ2024 ደንበኞቹን ሩዝ ውስጥ አትክተቱ ብሏል። እኔ ከስልክ ውስጥ በመርፌ የሩዝ ፍሬ ያወጣሁበት ቀን ጥቂት አይደለም።

ወዲያው አጥፉት። "ይሠራ ይሆን?" ብላችሁ አትሞክሩ። ስልክ የሚገድለው ውሃው ብቻ አይደለም። ውሃ ላይ ኤሌክትሪክ ሲጨመር ነው ብረቱ የሚበላው። ሲሙን አውጡ። ቀዳዳውን ወደ ታች አድርጋችሁ አራግፉት። ነፋስ ያለበት ጥላ ውስጥ አኑሩት። ፀሐይ ላይ አይሆንም፣ የፀጉር ማድረቂያም አይሆንም። ጥገና ቤት ካለ ደግሞ በዚያው ቀን አምጡት። ተከፍቶ በአልኮል ሲታጠብ ብዙው ይድናል። ሦስት ቀን ሩዝ ውስጥ ከርሞ የመጣው ግን ዝጎ ነው የሚመጣው።

"የኔ ውሃ አይገባውም" የሚሉኝም አሉ። አይፒ 67 የሚለው 1 ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ተፈትኗል ማለት ነው። ፈተናው በንጹህ ውሃ፣ በአዲስ ስልክ ነው። አንዴ ከተከፈተና ሙጫው ከተላቀቀ ያ ሁሉ ያበቃል። በከፈትኩት ስልክ ላይ እንዲህ ያለ ዋስትና ሰጥቼ አላውቅም።

የተሰነጠቀው መስታወቱ ብቻ ነው። ለምን የስልኩን ግማሽ ዋጋ ትጠይቀኛለህ?

ይህን ሲጠይቁኝ ፊታቸው ይቀየራል። እውነቱን ልንገራችሁ። ድሮ ተቹና ሥዕሉን የሚያሳየው ኤልሲዲ ለየብቻ ነበሩ። ተቹን ብቻ ቀይሬ በጥቂት ብር እሸኛችሁ ነበር። አሁን መስታወቱ፣ ተቹና ማሳያው ተጣብቀው አንድ አካል ሆነዋል። ስልኩ የቀጠነውና ሥዕሉ ከመስታወቱ ላይ የተቀባ የሚመስለው በዚህ ነው። ዋጋውን የምትከፍሉት ሲሰበር ነው። መስታወቱን ብቻ ለመለየት ሙቀትና ልዩ መሣሪያ ይፈልጋል፤ ጥቂት እጅ ከተሳሳተ ማሳያው አብሮ ይሄዳል።

ከዚያ "ኮፒ ወይስ ኦርጅናል?" ይመጣል። ኮፒው ይሠራል፣ አልዋሽም። ግን ጥቁሩ ጥቁር የሆነው፣ ኦሌድ የሚባለው ማሳያ በነበረበት ቦታ ኤልሲዲ ሲገባ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል። ስክሪን ሥር ያለው የጣት አሻራም አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ያቆማል። ይህን ሳይነግራችሁ የሚገጥም ሰው ካለ ሌላ ቤት ሂዱ። እኔም ስጀምር ሳልናገር ገጥሜ፣ በሁለተኛው ቀን ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ ወርውሮልኝ የሄደ ሰው አለ። ትክክል ነበር።

ተጣጣፊ ስልክ ልግዛ?

ገንዘቡ ካላችሁ የናንተ ነው። ሳምሰንግ የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ2019 ሊያወጣ ሲል ለሙከራ የተሰጡት ተበላሽተውበት ወራት አዘግይቶታል። ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል። ሁዋዌ በ2024 ሦስት እጥፍ የሚታጠፍ አውጥቷል። ግን ማጠፊያው አቧራ አይወድም፣ እኛ ጋ ደግሞ በበጋ አቧራ አለ። ሲበላሽም እኔ ጋ አታምጡት፤ ዕቃው የለኝም።

ጀልባ ላይ ኔትወርክ ነበረኝ። ዘጌ ጫካ ስገባ ለምን ጠፋ?

የኔትወርክ ሞገድ ሜዳ ይወዳል። ሐይቅ ደግሞ ሕንፃ የሌለበት፣ ዛፍ የሌለበት፣ ጉብታ የሌለበት ሜዳ ነው። ስለዚህ ከማማው ርቃችሁም ቢሆን ጀልባ ላይ ይይዛል። ዘጌ ስትወርዱ የቡናው ጫካ ይቀበላችኋል። ውሃ የተሸከመ ቅጠል ሞገዱን ይውጠዋል። ወደ ገዳሙ በወጣችሁ ቁጥር ይሳሳል፤ ዳር ስትደርሱ ይመለሳል።

ሐይቁም ቢሆን ወሰን አለው። ምድር ክብ ስለሆነች 30 ሜትር ቁመት ካለው ማማ አናት ላይ አድማሱ ያለው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ሞገዱ ከውሃው በላይ እየራቀ ይሄዳል። ኮረብታ ላይ የተተከለ ማማ ግን ራቅ ብሎ ያያል። የድሮው ሁለተኛው ትውልድ (2ጂ) ኔትወርክ ሌላም ገደብ አለው። ስልኩ የሚልከው መልስ በተመደበለት ቅጽበት መድረስ ስላለበት፣ ምንም ሞገዱ ቢጠነክር ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ በተለመደው አሠራር አይገናኝም። ጣና በረጅሙ 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ የሚሄድ ሰው መሃል ላይ ስልኩ ጸጥ ቢለው አይገርምም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት እዚህ ጋ ነው።

መስመሩ ሙሉ እያሳየ ኢንተርኔት የለም። ስልኬ ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። እነዚያ መስመሮች የሚነግሯችሁ ማማው እንደሚሰማ ብቻ ነው። ማማው ላይ ስንት ሰው እንደተሰለፈ አይናገሩም። በጥምቀት ሕዝቡ ሲወጣ ሞክሩት። ሁሉም ቪዲዮ ይልካል፤ ለማንም አይሄድም። መብራት ረዘም ላለ ሰዓት ሲጠፋም የማማው ባትሪ ያልቃል።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ያኔ ሰው ደህና ስልክ እያመጣ "ሥራልኝ" ይለኝ ነበር። ከፍቼ አየዋለሁ፤ ምንም የለበትም። እጅግ ውዱ ስክሪን ባትሪና ሒሳብ ማሽን ሆኖ ከረመ። ዋይፋይ ያለበት ቤት በር ላይ ቆሞ የሚልክ ሰው መቼም አይረሳኝም።

ወንድሜ ከአሜሪካ አይፎን ላከልኝ። ሲም ማስገቢያ የለውም። ተሸወድኩ?

አልተሸወዳችሁም። እዚያ ከአይፎን 14 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2022 ወዲህ የሚሸጡት ማስገቢያ የላቸውም። በ2025 የወጣው አይፎን ኤር ደግሞ የትም አገር ቢገዛ የለውም። የሚሠሩት በኢሲም ነው። ኢሲም ማለት ሲሙ ስልኩ ውስጥ የተበየደ ቺፕ ሆኖ፣ የመስመሩ መረጃ ብቻ በኢንተርኔት ሲጫንበት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መታወቂያችሁን ይዛችሁ የመስመራችሁ ኩባንያ ማዕከል ሂዱና በዚያ ስልክ ሞዴል ኢሲም እንደሚያወጡላችሁ ጠይቁ። ስልኩ ሳይላክ ብትጠይቁ ደግሞ ይሻላል።

ሁለተኛው ወጥመድ መቆለፉ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው ስልክ የሚገዛው ከኔትወርክ ኩባንያው በየወሩ እየከፈለ ነው። ዕዳው እስኪያልቅ ስልኩ ለሌላ ኔትወርክ አይከፈትም። አይፎን ራሱ ሲወጣ ለአንድ ኩባንያ፣ ለኤቲ ኤንድ ቲ ብቻ ነበር፤ እስከ 2011 መጀመሪያ። እኛ ጋ ስልኩን ከአንዱ፣ መስመሩን ከሌላው መግዛት ለምደናል። በዚህ በኩል ከእነሱ ነጻ ነን። ወንድማችሁን "አንሎክድ ነው ወይ?" በሉት። ካልሆነ እኔም፣ ሌላም አይከፍትላችሁም። "እከፍታለሁ" ብሎ ቀብድ የሚቀበለውን ራቁት።

ሲም ካርድ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲወጣ የባንክ ካርድ ያህል ነበር። ከዚያ እያነሰ፣ እያነሰ መጣ። ሲም በመቁረጫ እየቆረጥን የምንበላበት ጊዜ ነበር፣ ደህና ገንዘብ ያለበት። አሁን ጭራሽ ሊጠፋ ነው። አንድ ነገር ግን ይቆጨኛል። ስልክ ሲሞት ሲሙን ነቅሎ ጎረቤት ስልክ ላይ ማድረግ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ኢሲም ይህን በቀላሉ አይፈቅድም። ወደፊት የሚመጣው ሁሉ ለድሃ ታስቦ አይመጣም።

09 ልያዝ ወይስ 07?

ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ያዙና ሁለቱንም። ቀልዴን አይደለም፣ ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህን ነው። ስልክ አገራችን ከገባበት ከ1894 አንስቶ እስከ 2022 ድረስ፣ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር፣ ሻጩ አንድ ነበር፤ የ09ኙ፣ የመንግሥቱ ቴሌ። የ07ቱ ሳፋሪኮም በ2021 ፈቃድ አግኝቶ በ2022 ድሬዳዋ ላይ ጀመረ። ባሕር ዳርም ከአዲስ አበባ ቀድማ ካገኙት ከተሞች ናት። የትኛው ይሻላል የሚለው እንደ ሰፈራችሁ ነው። ሺንብጥ የሚይዘው ዘንዘልማ ላይይዝ ይችላል። የጎረቤታችሁን ስልክ ተውሳችሁ ቤታችሁ ውስጥ፣ መኝታ ክፍላችሁ ድረስ ገብታችሁ ሞክሩት።

ሁሉም በቴሌግራም ከተደዋወለ ቴሌዎቹ ምን ይሸጣሉ?

ዳታ። ከዚያም ገንዘብ ማስተላለፍ። ቴሌብር በ2021 ግንቦት ላይ ተጀመረ፤ በ2025 ተጠቃሚው ከ50 ሚሊዮን አልፏል። ኤምፔሳ በ2023 ተከተለ። የደቂቃ ዋጋ ድሮ ወሬያችን ነበር፤ አሁን ማን ያወራዋል? ዛሬ ባጃጅ ነጂው የሚጠይቀኝ "ቴሌብሩ ገባልህ?" ብሎ ነው። የኔትወርክ ኩባንያ ቀስ በቀስ ግማሽ ባንክ እየሆነ ነው።

ከላይ ደግሞ ሳተላይት እየመጣ ነው። አይፎን 14 በ2022 መጨረሻ ኔትወርክ በሌለበት የድረሱልኝ መልእክት በሳተላይት መላክ ጀመረ። አሜሪካ ውስጥ በ2025 ቲ ሞባይል ከስታርሊንክ ጋር ሆኖ ለተራ ስልክ በሳተላይት የጽሑፍ መልእክት ማቅረብ ጀመረ። ደቅ ደሴት ላለ ሰው፣ ሌሊት በታንኳ ለሚያድር አጥማጅ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ግን ሳተላይቱ ሰማይ ላይ ስላለ ብቻ አይሠራም። የየአገሩ ፈቃድ ያስፈልገዋል። እኛ ጋ ያ ሥልጣን በ2019 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ለሳተላይት ብላችሁ ዛሬ ስልክ አትቀይሩ።

ስክሪኑ ራሱ የሚጠፋበት ቀን ይመጣል?

ሞክረውታል። ደረት ላይ የሚለጠፍ፣ በድምፅ የሚታዘዝ፣ ስክሪን የሌለው ዕቃ በ2024 ወጣ፤ ሂዩሜን ኤአይ ፒን ይባላል። ዓመት ሳይሞላው በ2025 የካቲት ተዘጋ። ሰው ማየት ይፈልጋል። ዋጋ ሲደራደር ቁጥሩን ማየት ይፈልጋል።

ድምፅ ግን ከስክሪኑ ጎን ሆኖ ይገባል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 አማርኛን በድምፅ ከሚጻፉ ቋንቋዎች ውስጥ አስገብቷል። የከተማ አማርኛ በደንብ ይሰማል። የኛን የጎጃም ንግግር ግን አንዳንዴ የሚያስቅ አድርጎ ይጽፈዋል። አጎቴ "በሬዎቹን አግባ" ብሎት የጻፈውን እዚህ አልደግመውም።

እናቴ ቁልፍ ስልኳን አልለቅም አለች። ተች ልግዛላት?

ተያት። ቻርጁ ቀናት ይቆያል። ሜዳ ላይ ብትጥለው ትስቃለች እንጂ አትደነግጥም። ቁልፉን ሳታይ በጣቷ ታውቀዋለች፤ ስክሪን ላይ ይህ የለም፣ ሁሉም ለጣት አንድ ዓይነት ለስላሳ ነው። ባትሪውም ሌሊት ያበራላታል። ገንዘብም ቢሆን በ*127# በቴሌብር ትቀበላለች፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። ውጭ አገር የድሮ ኔትወርክ እየተዘጋ አሮጌ ስልኮች ዝም ያሉበት ጊዜ አለ። ኤቲ ኤንድ ቲ ሦስተኛውን ትውልድ በ2022 ዘግቷል። እኛ ጋ ቁልፍ ስልክ የያዘው ሕዝብ ብዙ ስለሆነ ለእማማ አሁን የሚያሰጋ አይመስለኝም።

የልጅ ልጆቿን በቪዲዮ ማየት ከፈለገች ግን ራሷ ትጠይቅሻለች። ያኔ ፊደሉን አተልቂላት፣ ከአራት በላይ ምልክት ፊቱ ላይ አታስቀምጪ።

ያገለገለ ተች ልገዛ ነው። ምን ልይ?

ከመክፈላችሁ በፊት አንዱን አፕ ተጭናችሁ ያዙና በስክሪኑ ላይ ሁሉ ጎትቱት፤ ጥግ ጥጉን፣ መሃሉን፣ ታች ድረስ። የሆነ ቦታ ከእጃችሁ ካመለጠ እዚያ ጋ ተቹ ሞቷል። *#06# ደውሉና የሚወጣውን ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። የራሳችሁን ሲም በሁለቱም ማስገቢያ ሞክሩ። የሻጩ አካውንት እዚያው እፊታችሁ ይውጣ። "ቤት ሄጄ አወጣዋለሁ" ካለ ገንዘቡም ቤት ይቆየው። ቻርጀር ሰክታችሁ አምስት ደቂቃ ንኩት። ስክሪኑን ደግሞ ጥላ ውስጥ ብቻ አትዩት፤ ይዛችሁ ወደ ፀሐይ ውጡ።